የማንን ቆዳ ለብሰናል?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

የመልእክቱ መነሻ፦ ምሳሌ 12፥10፣ ያዕቆብ 2፥1-4

 

የዛሬውን ርእስ ስትሰሙ «ይሄ ደግሞ እኔን ምን ይመለከተኛል?» ትሉ ይሆናል። ስለ ፈር ኮት ነው። ከእነ ጠጉሩ ከተለፋ የእንስሳ ቆዳ ስለሚሰፋው፣ በውጭ አገር የባለጠጋ ሴቶች ልብስ እየተባለ ስለሚጠራው ካፖርት። ርእሱን ከመጽሐፍ ገልጬ አላመጣሁትም። በራሴ ጥፋት በኩል ነው የመጣው። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

ያቺ እሑድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በአንዲት የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አገለግል ነበር። ሚኒሶታ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ግን፣ ክረምቱ ሲበረታ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። የገዛ ትንፋሽህ ቅንድብህ ላይ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ለእኔ የመጀመሪያው ክረምት ነበር።

አንድ እሑድ ከ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ስለ ውጫዊ ጌጥና ስለ ውስጥ ሰው ውበት እየሰበክሁ ሳለ በሩ ተከፈተና አንዲት እናት ዘግየት ብለው ገቡ። የለበሱት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ፈር ኮት ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ቆመ። ያልተዘጋጀሁበትን ነገር ተናገርሁ፤ «አንዳንዶቻችን ጌታ ፊት የምንመጣው የሞተ አውሬ ተሸክመን ነው!» አልሁ።

ሰው ሳቀ። ጥቂቶች ዞረው አዩ። እኚያ እናት የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ካፖርቱን ቀስ ብለው አወለቁና አጣጥፈው ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር አስገቡት። ይህን ከመድረክ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። አይቼም ስብከቴን ቀጠልሁ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። በሦስተኛውም አልመጡም። ባለቤቴ «ሄደን እንጠይቃቸው» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ አልነበረም። ላስረዳቸው ነበር። ጥቅሶቼን አዘጋጅቼ ነበር።

ቡና አፈሉልን። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔው ነገሩን ሳነሣው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ፓስተርዬ፣ እኔ እኮ ዋጋውን አላውቀውም። ሙቀቱን ነው የማውቀው።»

እኚህ እናት ለዓመታት አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያስታምሙ ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በጨለማ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አሮጊቷ አንድ ቀን በስስ ጃኬት እየተንቀጠቀጡ ሲገቡ አዩአቸውና ቁም ሣጥኑን አስከፍተው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያኖሩትን ካፖርት አውጥተው ሰጧቸው። «እኔ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አልወጣም፤ አንቺ ግን ትወጫለሽ» አሏቸው። አሮጊቷ በዚያው ዓመት ዐረፉ። እኔ በሕዝብ ፊት «የሞተ አውሬ» ያልኩት ይህንን ስጦታ ነበር።

አንገቴን ደፋሁ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም።

የልጅ ልጃቸው ሳሎን ነበረች። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እዚያው የተወለደች፣ አማርኛዋ የተሰባበረ። «ፓስተር፣ አንተ ጃኬት ላይ ያለውስ ምንድን ነው?» አለችኝ። አያቷ «አንቱ በይ!» ብለው ተቆጧት። እኔ ወደ በሩ አየሁ። ጃኬቴ እዚያ ተሰቅሏል። ኮፍያው ዙሪያውን ጠጉር አለው። «ይሄማ ሰው ሠራሽ ነው» አልኋት። ልጅቱ ተነሥታ የውስጡን መለያ ገልብጣ አሳየችኝ። ኮዮቲ ይላል። ኮዮቲ በሰሜን አሜሪካ የሚኖር፣ የእኛን ቀበሮ የሚመስል የተኩላ ዘመድ ነው። ቅናሽ ላይ አገኘሁት ብዬ በደስታ የገዛሁት ጃኬት ነው፤ መለያውን አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኔ አያቴንም ኮቱን አትልበሺ ብያታለሁ። ግን የሷ አሮጌ ነው። ያንተ አዲስ ነው።»

ወገኖቼ፣ በ2ኛ ሳሙኤል 12 ነቢዩ ናታን ስለ ድሃው ሰው አንዲት በግ ለዳዊት የነገረውን ታስታውሳላችሁ። ዳዊት በሌላው ሰው ላይ በቁጣ ነደደ፤ ናታን ግን ጣቱን ወደ ራሱ ወደ ዳዊት መለሰ። ለእኔ ናታኔ አማርኛዋ የተሰባበረ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጌታችን በማቴዎስ 7፥15 የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ተኩላዎች አስጠንቅቆናል። እኔ ተገላቢጦሽ ሆንሁ። የተኩላ ዘመድ ጠጉር በራሴ ዙሪያ አድርጌ፣ እረኛ ነኝ እያልሁ በጉን ነከስሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ጉዳይ በጸሎትና በቃሉ መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

1. ቆዳ መልበስ በራሱ ኃጢአት አይደለም

ይህን አስቀድመን እናስቀምጥ፣ ማንም የኅሊና ቀንበር እንዳይጫንበት። በዘፍጥረት 3፥21 አዳምና ሔዋን ዕርቃናቸውን በቆሙ ጊዜ የቁርበት ልብስ ያለበሳቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ የግመል ጠጉር ለብሷል። ዕብራውያን 11፥37 ስለ እምነት ሲሉ የተሰደዱትን ሲያነሣ የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው መንከራተታቸውን ይናገራል። የምሳሌ 31 ልባም ሴት ቤተሰቧን ለበረዶ ወራት አልብሳ ስለ ነበር አትሰጋም፤ በዚህም ተመስግናለች።

በእኛም አገር የደጋ እረኛ ደበሎ ለብሶ ነው ያደገው። የቆሎ ተማሪ በደበሎው ብርዱንም ዝናቡንም ችሏል። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑይት ሰዎች ደግሞ የካሪቡና ሲል (seal) የሚባለው የባሕር አውሬ ቆዳ ባይለብሱ ኖሮ በዚያ በረዶ ላይ ትውልድ ባልተኩ ነበር፤ ሥጋውንም ይበላሉ፣ ስቡንም ለመብራት ያነዱ ነበር። ስለዚህ «ቆዳ የለበሰ ሁሉ ጨካኝ ነው» የሚል ትምህርት ከቃሉ አላገኘሁም።

ነገር ግን የዘፍጥረቱን ቃል ደግማችሁ አስቡት። ያ የቁርበት ልብስ የአንድ እንስሳ ልብስ ነበር። አዳም ሞት ምን እንደሚመስል ያወቀው ምናልባት ያን ቀን ነው። የመጀመሪያው ቆዳ የተለበሰው ለፉክክር ወይም ለመታየት አይደለም፤ ዕርቃንን ለመሸፈን ነው። የለበሰውም ሰው ለእርሱ ሲባል ሌላ ነፍስ መክፈሏን እያወቀ ነው የለበሰው።

2. ጻድቅ ሰው የእንስሳውን ነፍስ ያውቃል

ምሳሌ 12፥10 የጻድቅን ሰው ምልክት ሲነግረን በጸሎቱ ርዝመት አይጀምርም። ለእንስሳው ነፍስ የሚራራ መሆኑን ይነግረናል። በሕጉም እግዚአብሔር እህል የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር አዟል (ዘዳግም 25፥4)። ጎጆዋ ላይ ያለችን ወፍ ከነጫጩቶቿ መውሰድን ከልክሏል (ዘዳግም 22፥6-7)። የዮናስ መጽሐፍ የሚዘጋው በምን እንደሆነ ልብ ብላችኋል? እግዚአብሔር ለነነዌ የሚራራበትን ምክንያት ሲቆጥር ከሰዎቹ ቀጥሎ እንስሶቹንም ቆጠረ።

እንግዲህ ፈር ኮት የሚባለው ዛሬ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከዱር በአዳኝ አይመጣም፤ ከእርባታ ነው። ከሁሉ የታወቀችው ሚንክ ናት። ከድመት የምታንስ፣ ቀጭንና ረዘም ያለች፣ መልኳ የእኛን ሙጭልጭላ የሚያስታውስ ፍጥረት ናት። በተፈጥሮዋ ብቻዋን መኖር የምትወድ፣ ወንዝ ዳር እየዋኘች ዓሣና እንቁራሪት የምታድን ናት። በእርባታው ግን ከሽቦ በተሠራ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ትወለዳለች፤ መሬት አትረግጥም፣ የምትዋኝበትም ውኃ የላትም። ብዙዎቹ ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ቀኑን ሙሉ ያንኑ መንገድ ሲመላለሱ ይታያሉ። በሚያዝያና በግንቦት ተወልደው የክረምት ጠጉራቸው በሚሞላበት በኅዳር አካባቢ በጋዝ ታፍነው ይገደላሉ። ቀበሮዎች ሲሆኑ በኤሌክትሪክ ነው፤ ቆዳው እንዳይበላሽ። ለአንድ ረጅም የሚንክ ካፖርት ሃምሳ ያህል ቆዳ ይገባበታል።

በኮፍያ ዙሪያ የሚሰፋው የኮዮቲ ጠጉር ደግሞ የሚመጣው ከወጥመድ ነው። እግር የሚይዝ ብረት ወይም አንገት የሚያንቅ ሽቦ ይጠመዳል፤ አውሬው ባለቤቱ እስኪመጣ እዚያው ታስሮ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት እግር የሚይዘውን ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ደንብ ከልክሎታል። በሰሜን አሜሪካ ግን በብዙ ስፍራ ዛሬም ይሠራበታል። የእኔ ኮፍያ የመጣው በዚህ መንገድ መሆኑ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በዴንማርክ የሆነውን ሰምታችሁ ይሆናል። አገሪቱ ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ የሚንኮቿ ቁጥር ግን ከ15 ሚሊዮን በላይ ነበር። የኮሮና ቫይረስ ወደ እርባታዎቹ ገብቶ ተለውጦ ወደ ሰው ሲመለስ መንግሥት ሁሉም እንዲገደሉ አዘዘ። በችኮላ በጉድጓድ ተቀበሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሬሳቸው በጋዝ ተነፍቶ አፈሩን እየገፋ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ በኋላም ተቆፍረው እንደገና እንዲወጡ ግድ ሆነ። ትእዛዙ ሕጋዊ መሠረት እንዳልነበረው ታወቀና የግብርና ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። እኔ ይህን ዜና ሳነብ የአቤል ደም ከምድር መጮኹን አስታወስሁ። እንስሳ እንደ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለጌጥ ብለን የቀበርነው ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ተቀብሮ አይቀርም።

አሁን አንዱ «ፓስተር፣ ሥጋ ትበላለህ፣ የቆዳ ጫማ ትጫማለህ፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ አልሸሸውም። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ በጉ የታረደው ግን ለሥጋው ነው፣ ቆዳው እንዳይጣል ነው የሚለፋው። ሚንኳ ግን ለካፖርቱ ብቻ ተወልዳ ለካፖርቱ ብቻ ትሞታለች። ልዩነቱ ይህ ነው። ሆኖም ይህ ልዩነት እኔን ነጻ አያወጣኝም። በጉንም በጭካኔ ከያዝሁት ቃሉ እዚያም ያገኘኛል።

3. ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ አንቀስር

«ይሄ የፈረንጅ ኃጢአት ነው» ብለን እንዳንገላገል፣ ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ፋሽን የጉሬዛን ቆዳ ሲወድድ፣ ከአገራችን ጫካ የጉሬዛ ቆዳ እየተጫነ ይወጣ ነበር። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት ካበረከቱት ስጦታ አንዱ የነብር ቆዳ ካፖርት ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ማንም አልደነገጠም። የነብር ካፖርት በዚያን ጊዜ እጅግ የሚፈለግ ፋሽን ስለነበር ነብሩ በየአገሩ ተመነጠረ። የዱር እንስሳትን ንግድ የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲፈረም ነብር በጥብቅ ከሚጠበቁት ውስጥ ገባ። አስተውሉ፤ ነብሩን የጎዳው የደጋ እረኛ ብርድ አይደለም። ማንም በብርድ ያልተቸገረበት የክብር አዳራሽ ነው።

ዛሬስ? ለሽቶ የሚሆነው ዝባድ ከጥሪኝ ነው የሚገኘው። በአገራችን ጥሪኞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዞር በማይሉበት ጠባብ ቅርጫት ውስጥ እየተያዙ ነው ዝባዱ የሚወጣው። የፓሪስ ሽቶ መልካም መዓዛ የጂማን ጥሪኝ መከራ ይዞ ሄዷል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ዶሮዎቹን እግራቸውን አስረን፣ ጭንቅላታቸውን ቁልቁል አንጠልጥለን በፀሐይ ሰፈር እንዞራለን። አህያዋ ከአቅሟ በላይ ተጭና ስትወድቅ በዱላ እናነሣታለን። ለእነዚህ የሚወጣ የፋሽን ተቃውሞ የለም። የምሳሌ 12፥10 ቃል ግን ያለው ለእነርሱም ነው።

4. ልብስ አይቶ መፍረድ

ያዕቆብ ምዕራፍ 2 ላይ ባለ ወርቅ ቀለበቱን በክብር ቦታ አስቀምጠው ድሃውን ስላዋረዱ ሰዎች ይናገራል። እኔ ግን ይህ ቃል አይነካኝም ብዬ ነበር፤ ባለጠጋ አላከበርሁማ! ባለጠጋ መስለው የታዩኝን ነው የዘለፍሁት። ግን ያው ነው። ሰውን ሳላውቅ ልብሱን አየሁ፣ በልብሱም ፈረድሁ። በዚያ አዳራሽ ከሁሉ ማልደው በብርድ የሚቆሙት እኚያ ሴት ነበሩ፤ እኔ ደግሞ መኪናዬን ከበር አቁሜ ነው የገባሁት።

ዛሬ በብዙ አገር ይህ ጉዳይ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 የጠጉር እርባታን ከልክላለች። እስራኤል በ2021 ለፋሽን የሚሆን የጠጉር ልብስ ሽያጭን በመከልከል ከአገሮች ሁሉ ቀደመች፤ በዚያ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ታውቁታላችሁ። ሕጉ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያለችን አንዲት አሮጊት በካፖርቷ መስደብ ለአንዲት ሚንክ የሽቦውን ሣጥን አይከፍትላትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሕግ ልጽፍላችሁ አልፈልግም። ራሴን የምጠይቀውን ግን ልስጣችሁ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁት።

መጀመሪያ፣ ይህ ልብስ ለብርዴ ነው ወይስ ለመታየቴ? ለብርዱ የሚሆን፣ ያለ አውሬ ጠጉር የተሠራ ሞቃት ጃኬት ዛሬ በየሱቁ አለ። ኮፍያዬ ላይ የነበረው ጠጉር ተፈትቶ ሲወጣ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሚኒሶታ ከተማ ውስጥ ከቤት ወደ መኪና ለምሄደው ለእኔ ምንም አልጎደለኝም።

ሁለተኛ፣ ስገዛው አዲስ ሞት እያዘዝሁ ነው? ልጅቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስተማረችኝ ይህን ነው። አሮጌው ካፖርት ውስጥ ያሉት እንስሶች ከዓመታት በፊት ሞተዋል፤ ካፖርቱን ብናቃጥለው አይመለሱም። አዲስ ስንገዛ ግን ባዶው ሣጥን እንደገና እንዲሞላ ገንዘብ እንልካለን። ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ፈር ኮት ካለ ለሚበርደው ስጡ። ያረጁ የጠጉር ካፖርቶችን ተቀብለው እናት ለሌላቸው የዱር ግልገሎች መኝታ የሚያደርጉም አሉ።

ሦስተኛ፣ መለያውን አንብቤዋለሁ? በአሜሪካ ሕግ መለያው የእንስሳውን ስም እንዲናገር ግድ ነው። እኔ አለማንበቤ እንጂ ተጽፎ ነበር። አለማወቅ አንዳንዴ ለማወቅ አለመፈለግ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ሌላው ሰው ልብስ ከመናገሬ በፊት ቡናውን ጠጥቻለሁ? ቤቱን አውቀዋለሁ?

በሚቀጥለው እሑድ በዚያው መድረክ ላይ ቆሜ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ እኚያን እናት ይቅርታ ጠየቅሁ። በሕዝብ ፊት የተሰበረ በሕዝብ ፊት ነው የሚጠገነው። እሳቸውም መጥተው ነበር፤ ካፖርቱን ለብሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ናት። ሁለቱ ስለ ካፖርቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔም ላስማማቸው አልሞከርሁም። አንዷ ስጦታዋን ታስባለች፣ ሌላዋ ሃምሳዎቹን ሚንኮች ታስባለች፤ እግዚአብሔር ሁለቱንም ያስባል ብዬ አምናለሁ።

ከኮፍያዬ የፈታሁት ጠርዝ ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ስለ ሰው ጌጥ ልሰብክ ስነሣ መሳቢያውን ከፍቼ አየዋለሁ።

እንጸልይ፦

አባት ሆይ፣ ዕርቃናችንን የሸፈንህ አንተ ነህ። ለልብሳችን፣ ለማዕዳችን ነፍስ የከፈሉትን ፍጥረቶችህን እንደ ከንቱ የቆጠርንበትን ልብ ይቅር በለን። ወንድማችንንና እህታችንን በልብሳቸው የመዘንንበትን ሚዛን ከእጃችን ውሰድ። በብርድ ለቆሙት አልባሽ አድርገን። ለእንስሳው የሚራራ፣ ለሰውም የሚራራ ጽድቅ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።